የቦሎቄና የአትክልት ሾርባ፦ የአዘቦት ቀን እራት

የቦሎቄና የአትክልት ሾርባ ከደረቅ ቦሎቄ፣ ከሽንኩርት፣ ከካሮት፣ ከድንችና ከጎመን የሚሰራ ወፈር ያለ ሾርባ ነው። ከዳቦ ጋር ሲቀርብ ሌላ ነገር ሳያስፈልገው እራት ይሆናል። በከተሞቻችን ሾርባ አዲስ ነገር አይደለም። በረመዳን አፍጥር ላይ ከቴምርና ከሳምቡሳ ጋር ይቀርባል። ለታመመ ሰውና ለአራስ ይሰራል። የአዲስ አበባ ምግብ ቤቶችም የምስር ሾርባ፣ የአትክልት ሾርባና ሚኒስትሮኒ ያቀርባሉ። የስራ ቀን እራት ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚታሰበው ሽሮ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሽሮ ቶሎ ይደርሳል፣ ቦሎቄ ደግሞ ያስጠብቃል።

እኔ ግን ይህ ሾርባ ከሽሮ ጎን የሚሰለፍ የአዘቦት ምግብ ነው ባይ ነኝ። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦሎቄው ከእራቱ ሰዓት በፊት በስሎ መገኘት አለበት። ቦሎቄ የእሁድ ወይም የትናንት ማታ ስራ ነው። አትክልቱ የዛሬ ማታ ስራ ነው። ሁለቱን የለየ ሰው ከስራ ገብቶ ልብሱን እስኪቀይርና ልጆቹን እስኪያጫውት ድስቱ ይደርሳል።

ቦሎቄው ከየት ነው?

ቦሎቄ የአሜሪካ አህጉር ተወላጅ ነው። የጥንት ገበሬዎች በሁለት ቦታ ለየብቻ አላምደውታል፤ አንዱ በዛሬዋ ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሌላው በአንዲስ ተራሮች። ወደ ቀሪው ዓለም የተሰራጨው አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ አህጉር ከተሻገሩ በኋላ ነው። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በሀገራችን ከዚያ እጅግ ቀድመው ይታወቁ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል እነሱ ሽሮና ክክ ወጥ ሆነው ማዕዱን ሲይዙ፣ ቦሎቄ በአብዛኛው ንፍሮ ሆኖ የቀረው። በየአካባቢው አደንጓሬ የሚሉትም አሉ።

ዛሬ ቦሎቄ በብዛት ከሚመረትባቸው ቦታዎች አንዱ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከአዳማ ዙሪያ ጀምሮ በአዳሚ ቱሉና በሻላ በኩል እስከ ሀዋሳ አካባቢ ድረስ። አዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ብዙ ዝርያዎችን አውጥቷል። አዋሽ-1 እና አዋሽ መልካ ነጭና ትናንሽ ናቸው። ናስር ቀይ ነው። ነጩ ቦሎቄ በብዛት ወደ ውጭ ይላካል፤ አውሮፓ ውስጥ በቲማቲም መረቅ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። የራሳችን ገበሬ ያመረተው ቦሎቄ በሩቅ ሀገር የዘወትር ምግብ ሆኖ ሳለ፣ እዚህ ከንፍሮ አልፎ ወደ እራት ድስት አለመግባቱ ያስቆጨኛል።

ለዚህ ሾርባ ሁለቱም ይሆናሉ። ነጩ ቶሎ ይፈርሳል፣ ሾርባውን ያወፍራል። ቀዩ ቅርጹን ይይዛል፣ መረቁንም ያጠቁረዋል። ስትገዙ ዓይናችሁ መልኩ ላይ ብቻ አይሁን፤ ስንት ጊዜ እንደቆየም ጠይቁ። ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ወራትን የቆየ ቦሎቄ ምንም ያህል ቢቀቀል እምቢ ይላል። የቆየና አዲስ ከተቀላቀለማ ግማሹ ሲሟሟ ግማሹ እንደ ጠጠር ይቀራል።

ለምን አይበስልም?

ደጋ ላይ ቦሎቄ የቀቀለ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ በከፊል ከፍታው ነው። በባህር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃው የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ 96 ገደማ ይደርሳል። እሳቱን ብትጨምሩ ውሃው በኃይል ይንተከተካል፣ ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ስለዚህ ቆላ ላይ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚደርሰው ቦሎቄ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢፈጅ ከባለሙያዋ እጅ አይደለም።

ፕሬሸር ኩከር ይህን ችግር ያቃልላል። እንፋሎቱ ስለሚታፈን በውስጡ ያለው ሙቀት አዲስ አበባም ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያደረ ቦሎቄ፣ ድስቱ ካፏጨ በኋላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። ድስቱ ከግማሽ በላይ መሞላት የለበትም። ቦሎቄ አረፋ ያወጣል፣ አረፋውም የእንፋሎት መውጫውን ሊደፍን ይችላል። አንድ ማንኪያ ዘይት ጠብ ማድረግ አረፋውን ይቀንሰዋል።

ሌላው ምክንያት ውሃውና ድስት ውስጥ የሚገባው ነገር ነው። በካልሲየም የበዛ ውሃ የቦሎቄውን ቆዳ ያጠነክራል። የጉድጓድ ውሃ በሚጠጣባቸው አካባቢዎች ይህ ጎልቶ ይታያል። ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይረዳል፤ ለሁለት ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል። «ጨው ቦሎቄን ያደርቃል» የሚባለው ልማድ በዚህ በኩል ትክክል አይደለም። የጨው ሶዲየም ቆዳው ውስጥ ያለውን ካልሲየም ስለሚተካ ቆዳው ይለሰልሳል። እንደ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያለች ቤኪንግ ሶዳም ታፋጥናለች። ስትበዛ ግን ጣዕሙን ወደ ሳሙና ትወስደዋለች፣ ቫይታሚን ቢ1ንም ታጠፋለች።

በእውነት የሚያደርቀው ኮምጣጣ ነገር ነው። ቲማቲም፣ ድልህ ወይም ሎሚ ቦሎቄው ሳይበስል ከገባ ሰዓታት ይጨምራል። ቲማቲም ያለበት መረቅ ውስጥ ጥሬ ቦሎቄ ከቶ መጠበቅ ጋዝ ማባከን ነው።

መዘፍዘፉ መዝለል የማይገባው ሌላ ምክንያትም አለው። ጥሬ ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን በብዛት ይይዛል። ያልበሰለ ጥቂት ፍሬ እንኳን በሰዓታት ውስጥ ከባድ ማስመለስና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል። መፍትሄው ቀላል ነው። ቦሎቄው ቢያንስ 5 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ይደር። ውሃው ይደፋ። ከዚያ በአዲስ ውሃ በደንብ ይንተክተክ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 30 ደቂቃ መፍላት አለበት ይላል። ደጋ ላይ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ፣ እስኪልም ድረስ መቀቀል ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት። ውጭ ሀገር የምትኖሩ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚያበስለውን የኤሌክትሪክ ድስት ለጥሬ ቀይ ቦሎቄ አትመኑት። 80 ዲግሪ አካባቢ የሚቆይ ማሰሮ ሌክቲኑን ከማጥፋት ይልቅ መርዛማነቱን ሊጨምረው ይችላል። ቀድሞ ምድጃ ላይ ይፍላ፣ ከዚያ እዚያ ይግባ። የቆርቆሮ ቦሎቄ በፋብሪካ ስለበሰለ ይህ ስጋት የለበትም። ታጥቦ ቢገባ ግን ጨውነቱ በእጅጉ ይቀንሳል።

የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት ለሆድ ነፋትም ይረዳል። ሆድ የሚነፉት ስኳሮች በከፊል ከውሃው ጋር ይሄዳሉ።

የማታው ስራ

ለስድስት ሰው ሁለት ኩባያ፣ ወደ 400 ግራም ገደማ፣ ደረቅ ቦሎቄ በቂ ነው። ሲበስል ከ5 እስከ 6 ኩባያ ይወጣዋል። የተቀቀለበት ውሃ አይደፋ፤ የሾርባው መረቅ እሱ ነው።

ሁለት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ይከተፋል። በዘይት በለዘብታ እሳት ይቁላላ፤ ለወጥ እንደሚደረገው ግን አይጠቁር። ካሮትና ከተገኘ ሴለሪ ይከተላሉ። እነዚህ ሦስቱ ዘይቱ ላይ ጊዜ ካላገኙ ሾርባው የተቀቀለ አትክልት ብቻ ይሆናል። ብዙ ቤት ውስጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ጨምሮ መቀቀል የተለመደ ነው፣ «ሾርባ የበሽተኛ ምግብ ነው» የሚለው ሀሜትም የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብልና እርድ በመጨረሻ ላይ ይገባሉ፤ ቶሎ ያርራሉና። ከዚያ ቲማቲም፣ ቲማቲሙ ሲሟሟ ቦሎቄው ከነውሃው፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ድንችም አብሮ። ለድንቹ 15 ደቂቃ ይበቃል። ፎሶሊያ ወይም ዝኩኒ ካለ በመሃል ይገባል። ጎመኑ በቀጫጭኑ ተከትፎ የመጨረሻዎቹን 7 ወይም 8 ደቂቃዎች ያግኝ።

ጦስኝ ይህን ሾርባ ይወዳል። የጥብስ ቅጠልም ጥሩ ነው፤ አንድ ዘለላ ከበቂ በላይ ነው። ቁንዶ በርበሬ ሲወጣ ይነስነስ። በርበሬ ማስገባት የሚወዱ አሉ፣ እኔ አልመክርም። በርበሬ ከገባ ምግቡ ወጥ ነው፤ እንጀራ ይጠይቃል።

ሾርባው ቀጠነ? አንድ ሁለት ጭልፋ ቦሎቄ ወጣ አድርጎ ፈጭቶ መመለስ የመጀመሪያው መላ ነው። ሁለተኛው የኛው ቤት መላ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የአልጫ ሽሮ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ጠብ ማድረግ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ መረቁ ወፈር ይላል፣ ጣዕሙም ይከብዳል። አጃም ያወፍራል፣ ነገር ግን የቦሎቄውን ጣዕም ይሸፍናል።

በዘይት ከተሰራ ይህ የፆም ምግብ ነው፤ ለረቡዕና ለአርብም፣ በሁዳዴ ለሚረዝሙት 55 ቀናትም። መቶ ግራም የበሰለ ቦሎቄ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል። ሥጋና እንቁላል በሌሉበት ሳምንት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብረትም አለው። የዕፅዋት ብረት ለሰውነት በቀላሉ አይዋጥም፣ ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ስለዚህ ሎሚው ድስቱ ከወረደ በኋላ፣ በየሳህኑ ላይ ይጨመቅ። ሻይና ቡና ደግሞ ብረቱን ያግዱታል። ከእራት በኋላ ያለው ሻይ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ ይሻላል፣ በተለይ ለልጆችና ለነፍሰ ጡር። በፍስክ ጊዜ ከውሃ ይልቅ የአጥንት መረቅ የሚጨምሩ አሉ፤ ጥጋቡ ሌላ ነው።

በሌላው ዓለም

ሚኒስትሮኒ የጣሊያን ምግብ ነው። ወደ ከተሞቻችን የምግብ ዝርዝር የገባው እንደ ፓስታው ሁሉ በጣሊያኖች በኩል ነው። ቱስካኒ ውስጥ ደግሞ የተረፈውን የቦሎቄና የጎመን ሾርባ በማግስቱ ከደረቀ ዳቦ ጋር እንደገና አፍልተው ሪቦሊታ የሚሉትን ምግብ ይሰራሉ። በእስራኤል ነጭ ቦሎቄ በቲማቲም የሚሰራ የክረምት ሾርባ ነው፤ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። ዋሽንግተን ውስጥ የአሜሪካ ሴኔት ምግብ ቤት ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንስቶ በየቀኑ የቦሎቄ ሾርባ ያቀርባል። የእነሱ ግን የአሳማ ሥጋ ስላለበት ለብዙዎቻችን አይሆንም።

ማስቀመጥ

ሾርባው ሲያድር ይጣፍጣል። ግን ድስት ሙሉ ትኩስ ሾርባ ምድጃ ላይ ማሳደር አይገባም። በትናንሽ እቃ ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። ከ3 እስከ 4 ቀን ይቆያል። ድንቹ በረዶ ሆኖ ሲቀልጥ ይሻክራል፤ ስለዚህ ለፍሪዘር የተሻለው የተቀቀለውን ቦሎቄ ብቻውን ከነውሃው በላስቲክ እቃ ከፍሎ ማስቀመጥ ነው። እሁድ አንድ ኪሎ ቀቅሎ በአራት የሚከፍል ሰው ለአራት ማታ ተዘጋጅቷል። ፓስታ ወይም ሩዝ መጨመር የሚወድ ቤተሰብ ለየብቻ ቀቅሎ ሳህን ላይ ይጨምር፤ ድስቱ ውስጥ ካደሩ መረቁን ሁሉ ይመጥጡታል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የተቀመጠው ሾርባ ፍሪጁ ረጅም ሰዓት ሳይሰራ ከቆየ መደፋት አለበት፤ እንደገና ማፍላቱ ሁልጊዜ አያድነውም።