«የሳንባ አለርጂ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት ወደ ዓባይ ማዶ በባጃጅ ስሄድ ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ ስለ «ሳንባ አለርጂ» ያወራል። «አስም ማለት ነው፤ ሴትሪዚንና ፓፍ (በአፍ የሚሳበው መድኃኒት) ካለ አያሳስብም» አለ። ባጃጇን አስቁሜ ልከራከረው ምንም አልቀረኝ።

ሴትሪዚን ለሚያስነጥስና ለሚያሳክክ ነው። አስም ደግሞ የአየር ቧንቧን ያጠባል። «የሳንባ አለርጂ» ሊባል የሚገባው፣ እኛ ሐኪሞች ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ የምንለው ግን ከቧንቧው አልፎ፣ ኦክስጅን ወደ ደም የሚገባባቸውን ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ነው የሚያስቆጣው። እዚያ ሴትሪዚን ሥራ የለውም። ፓፉም ቢሆን ዋናውን ነገር አይነካም።

አምጪው ብዙ ጊዜ እቤት ነው። የሻገተ ድርቆሽ (የከብቱን ማለቴ ነው፣ የእንጀራውን አይደለም)፣ የዶሮና የእርግብ ላባና ኩስ፣ የሻገተ እህል። እንግሊዝ አገር «የገበሬ ሳንባ» ተብሎ የተጻፈው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። የጥጥ ብናኝ የሚያመጣው ሕመም ግን ሌላ ነው። ከተማችን ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ስለሆነች ሁለቱን የሚያምታታ አይጠፋም።

አንዲት ላም አርቢ እናት ነበሩ። ጠዋት 12 ሰዓት ድርቆሽ ያራግፋሉ፤ ቀትር ላይ ብርድ ብርድ ይላቸዋል፣ ያተኩሳቸዋል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ሕመሙ ብናኙ ከተሳበ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ያህል ቆይቶ ስለሚመጣ ድርቆሹን የጠረጠረው የለም። የሳንባ ምች ተብለው ሁለት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። «ዶክተር፣ እዚህ ሆስፒታል ስተኛ ይሻለኛል፤ ቤቴ ስገባ ይመለስብኛል» አሉኝ። ጎረቤት «ቤቱ አልተስማማትም» ብሏል አሉ። ጎረቤት ከሁላችንም በልጦ ተገኘ። መድኃኒቱ አዳናቸው ስንል፣ ያሻላቸው ከድርቆሹ መራቃቸው ነበር።

የጣናን ታንኳ አስቡ። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለቤቱ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ፕሬድኒሶሎን፣ የሳንባውን ቁጣ የሚያበርደው የስቴሮይድ ክኒን፣ ያ ፀሐይ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ብናኙ። ታንኳው ሐይቁ ላይ እንዳለ ፀሐይ ቢመታው ላዩ ይደርቃል፣ ሥሩ መጠጣቱን አይተውም። አስቀድሞ ማውጣት ነው! ብዙ ከቆየ ደግሞ ደንገሉ ይበሰብሳል፤ ያኔ ፀሐይም አይመልሰው። ሳንባም እንዲሁ ጠባሳ ይይዛል። ታንኳ ሠሪ አዲስ ደንገል ያጭዳል፤ እኛ የምናጭደው የለንም። ጠባሳው እንዳይብስ የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉ፣ ዋጋቸው ግን አይቀመስም።

ማንም ሳይጠይቀኝ ልጨምር። በእኛ አገር ፕሬድኒሶሎን ከመጀመሩ በፊት ቲቢ መፈተሽ አለበት። የአንጀት ትልም፣ በተለይ ስትሮንጂሎይደስ፣ መታሰብ አለበት፤ ስቴሮይድ ካገኘ ሰውነት ውስጥ ሊዛመት ይችላል። ሳምንታት የወሰዱትን ክኒን በአንድ ቀን ማቆምም አደጋ ነው። የጨርቅ ማስክ ለሻጋታ ብናኝ አይበቃም። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች በዚህ በሽታ ሲያዙ ያነሰ ይታያል፤ ይህን የሰማ አንድ ታማሚ «እንግዲያው ልጀምር?» ብሎኛል። አይጀመርም! የሚያጨስ ሰው ከያዘው ሊብስበት ይችላል።

እኚያ እናት ላሞቹን አልሸጡም። መተዳደሪያቸው ናቸውና እኔም ሽጡ አላልኳቸውም። ድርቆሹ በደንብ ደርቆ፣ ዝናብ ከማይነካው ቆጥ ላይ ተሰቅሏል። ከመሰጠቱ በፊት ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ብናኙ እንዳይነሳ። አሁን የሚያወርደው ልጃቸው ነው። እሱም ቀትር ላይ ብርድ ብርድ ካለው ይዘውት እንዲመጡ ነግሬያቸዋለሁ።