ፀረ-ቪኢጂኤፍ የዓይን ሕክምና ምንድን ነው?

ከዕድሜ ጋር የሚመጣው የማኩላ ሕመም፣ በተለይ «እርጥብ» የሚባለው ዓይነቱ፣ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምንም ዓይነት የሥቃይ ስሜት የለውም። ታማሚው መጀመሪያ የሚያስተውለው ቀጥ ያለው የበር መቃን ጎብጦ፣ የሚያነበውም መስመር መሐሉ ላይ ተወላግዶ መታየቱን ነው። በዓይን ውስጥ ከኋላ በኩል ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ሬቲና ይባላል። ማኩላ የዚሁ ሽፋን መሐል ሲሆን፣ ለማንበብና የሰው ፊት ለመለየት የሚያስፈልገን የጠራ እይታ የሚገኘው ከእርሱ ነው። በዚህ ሕመም ከሬቲና ሥር መብቀል የማይገባቸው የደም ሥሮች ይበቅላሉ፤ ግድግዳቸው ልል ስለሆነም ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ። ፈሳሹ ሲጠራቀም ሬቲናው ያብጣል፣ ከቦታውም ከፍ ይላል። መቃኑ ጎብጦ የሚታየው እንግዲህ ሬቲናው ራሱ ስለጎበጠ ነው። ፀረ-ቪኢጂኤፍ የሚባለው ሕክምና የደም ሥሮቹን «ብቀሉ፣ አፍስሱ» የሚላቸውን ኬሚካዊ መልእክት በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት የሚያግድ ነው።

መልእክተኛው ቪኢጂኤፍ የተባለ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ፅንስ ያለ እርሱ አያድግም፣ ቁስልም በወጉ እንዲሽር የራሱን ድርሻ ያበረክታል። አንድ የሰውነት ክፍል ኦክስጅን ሲያንሰው ይህን ፕሮቲን አብዝቶ ያመነጫል፣ በአቅራቢያው ያሉ የደም ሥሮችም ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ችግሩ የሚመጣው ትእዛዙ ያለ ቦታው ወይም ያለ ልክ ሲሰጥ ነው።

እንዲህ ያለ መልእክተኛ ሊኖር እንደሚችል የዓይን ሐኪሞች የጠረጠሩት ስሙ ሳይወጣለት ነበር። አይዛክ ማይክልሰን በ1948 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሬቲና ራሱ የሚያመነጨውና የደም ሥሮችን እድገት የሚመራ አንድ ነገር መኖር አለበት ሲል ጽፏል። በ1971 አሜሪካዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጁዳ ፎክማን ካንሰር የሚያድገው የደም ሥር ወደ ራሱ በመሳብ ስለሆነ ይህን ማገድ ሕክምና ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ አቀረበ፤ በጊዜው ብዙዎች አልተቀበሉትም።

ነገሩን ከጥርጣሬ ያወጣው ሰው ግን መነሻው ዓይንም ካንሰርም አልነበረም። በጣሊያን ካታኒያ ሕክምና የተማረው ናፖሊዮኔ ፌራራ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲመራመር የነበረው በአንጎል ሥር ባለው የፒቱታሪ ዕጢ ሴሎች ላይ ነው። ሴሎቹ ያደጉበት ፈሳሽ በደም ሥር ውስጠኛ ሽፋን ሴሎች ላይ ሲጨመር ሴሎቹ እንደሚባዙ አስተዋለ። በ1988 ጄነንቴክ የተባለው ኩባንያ ሲቀጥረው ዋና ሥራው ሌላ ነበር፤ ይህን ግን በጎን ቀጠለበት። በ1989 ከባልደረቦቹ ጋር ፕሮቲኑን ለይቶ አወጣ፣ የዘር መረጃውንም ገለጠ። የእነ ሃሮልድ ድቮራክ ቡድን በ1983 የደም ሥርን ልል የሚያደርግ ብሎ ያገኘው ፕሮቲንም ያው እርሱ ሆኖ ተገኘ። ለዓይን ይህ ግጥምጥሞሽ ትልቅ ነገር ነው፤ ያው አንድ ፕሮቲን የደም ሥርን ያበቅላል፣ የበቀለውንም ያስነጥባል፣ ስለዚህ እርሱን ማገድ ሁለቱንም ጉዳት ይነካል።

በ1993 ቪኢጂኤፍን የሚያግድ አንቲቦዲ፣ ማለትም አንድን ነገር ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ በአይጦች ላይ የካንሰር እብጠትን እድገት እንደሚገታ የፌራራ ቡድን አሳየ። በ1994 ደግሞ በስኳር ሕመም ሬቲናቸው የተጎዳ ሰዎች የዓይን ፈሳሽ ውስጥ ፕሮቲኑ በብዛት እንደሚገኝ ሌሎች ተመራማሪዎች አረጋገጡ። ከዚህ ሥራ ሁለት መድኃኒቶች ወጡ። ሙሉው አንቲቦዲ ቤቫሲዙማብ በ2004 ለአንጀት ካንሰር ተፈቀደ። ለዓይን የተዘጋጀው ራኒቢዙማብ የአንቲቦዲው ቁራጭ ነው፤ ሙሉው ሞለኪውል በሬቲና ውስጥ ዘልቆ አያልፍም ተብሎ ይፈራ ስለነበር አነስ ተደርጎ ተሠራ። በ2006 በአሜሪካ ሲፈቀድ መሠረት በሆነው ሙከራ፣ በየወሩ ከተወጉት ታማሚዎች 95 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በዓመቱ ውስጥ የከፋ የእይታ መቀነስ አልደረሰባቸውም፤ የማስመሰያ ሕክምና ካገኙት ግን 62 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሕክምናዎች በአብዛኛው ውድቀቱን ማዘግየት እንጂ እይታን መመለስ አይችሉም ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩ ትንሽ ይጠመዘዛል። በ2005 የማያሚው የዓይን ሐኪም ፊሊፕ ሮዘንፌልድ ለካንሰር የተፈቀደውን ቤቫሲዙማብ በጥቂቱ ዓይን ውስጥ ወጋ፤ የተፈራው ሙሉ ሞለኪውልም ሠራ። ዋጋው በብዙ እጥፍ የሚያንስ ስለሆነ አሠራሩ በፍጥነት ተዛመተ፤ በ2011 በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የተካሄደ ንጽጽርም በእይታ ረገድ ሁለቱ መድኃኒቶች የሚስተካከሉ መሆናቸውን አሳየ። በእኔ አስተያየት፣ ብዙ ሰው ሕክምናውን ሊያገኝ የቻለው በግኝቱ ብቻ ሳይሆን በዚህም ድፍረት ነው።

«ዓይን ውስጥ መርፌ» ሲባል የሚፈራው ያህል አይደለም። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረጋል፣ ዓይኑና ሽፋሽፍቱ በአዮዲን ይጸዳሉ፣ እንዳይጨፈን የዓይን ቆቡ በትንሽ መያዣ ይከፈታል። ሐኪሙ ከጥቁሩ ክፍል ጠርዝ 3.5 እስከ 4 ሚሊሜትር ራቅ ብሎ በነጩ በኩል ቀጭን መርፌ ያስገባና 0.05 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአንድ ጠብታ ያህል፣ ይለቃል። ሰከንዶች ብቻ ይፈጃል። ዓይን ቢቀላ ወይም ለጊዜው ተንሳፋፊ ነጠብጣብ ቢታይ አያስደነግጥም። በቀጣዮቹ ቀናት ሕመም እየበረታ፣ እይታም እየደከመ ከሄደ ግን አልፎ አልፎ የሚደርስ የውስጥ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን መመለስ ያስፈልጋል።

ሕክምናው ለስኳር ሕመም የማኩላ እብጠትና ለሬቲና ደም መላሽ ሥር መዘጋትም ይሰጣል። የሚያንጠባጥቡ የደም ሥሮች በሌሉበት «ደረቅ» በሚባለው የማኩላ ሕመም ላይ ግን የሚያግደው ነገር ስለሌለ አይሠራም፤ ጠባሳ የሆነውን ክፍልም አይመልስም። ከሁሉ በላይ በተሳሳተ መንገድ የሚታየው፣ አንዴ ተወግቶ የሚያበቃ መምሰሉ ነው። መድኃኒቱ ያለውን ፕሮቲን ይይዛል እንጂ ዓይኑ አዲስ ማምረቱን አያስቆምም፤ በሳምንታት ውስጥም ኃይሉ ያልቃል። በ2022 የተፈቀደው ፋሪሲማብ ሁለተኛ መልእክተኛንም ስለሚያግድ፣ ለአንዳንድ ታማሚዎች በአንዱና በሚቀጥለው መርፌ መካከል ያለውን ጊዜ እስከ 16 ሳምንት ማራዘም ይቻላል። ፈሳሹ ሲመለስ ታማሚው ከማስተዋሉ በፊት በሬቲና ምስል ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ዓይኔ ደህና ነው የሚለውንም ሰው ወደ ምስሉ ክፍል የሚልከው ለዚህ ነው።