የወንዝ ወደብ ምንድን ነው? የሞምፖክስ ነገር

ወደብ ሲባል ቶሎ የሚታየን ባሕር ነው። ከባሕር ርቆ፣ መሃል አገር ወንዝ ዳር የተቆረቆረ ወደብም ግን አለ። ጀልባ ይጭንበታል፣ ያራግፍበታል፤ ነጋዴ ያርፍበታል። የወንዝ ወደብ የሚባለው ይኸው ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፦ ወንዙ ሐሳቡን ከቀየረ ወደቡ አበቃለት።

የኮሎምቢያዋ ሞምፖክስ ይህ ደርሶባታል። ስፔኖች እ.ኤ.አ. በ1540 ማግዳሌና ወንዝ ዳር ቆረቆሯት። ከባሕር ወደቧ ካርታሄና መሃል አገር ወዳለችው ዋና ከተማ ቦጎታ የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ወንዙ ነበር። ከስፔን የመጣው ዕቃ ሽቅብ፣ ወርቁ ቁልቁል ሲሄድ ሞምፖክስን ይረግጣል። ካርታሄናን የባሕር ወንበዴ ያምሳታል፤ እንግሊዛዊው የባሕር ዘራፊ ድሬክ በ1586 ይዟት፣ ገንዘብ ተቀብሎ ነው የለቀቃት። ሞምፖክስ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብላ ከበረች።

ዕቃው የሚጓዘው ሻምፓን በሚባል፣ የዘንባባ ክዳን ባለው ረጅም ጀልባ ነው። ቀዛፊዎቹ ቦጋ ይባላሉ። ረጅም እንጨት ወንዙ ወለል ላይ ተክለው፣ ጫፉን ደረታቸው ላይ አስደግፈው ጀልባውን ይገፉታል። ያውም ሽቅብ፣ በዚያ ሙቀት! መጀመሪያ የአገሬው ተወላጆች፣ በኋላ በባርነት የመጡ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። የከተማዋ ሀብት ሲወራ የነሱ ደረት መረሳት የለበትም።

ከተማዋ ወንዙን ተከትላ ተዘረጋች። ዳር ዳሩን ጎርፍ መከላከያ ግንብ ቆመ፤ ወደ ውሃው የሚወርድ ደረጃም ተሠራ። በ1810 ከስፔን ነፃነቷን አወጀች። በ1812 መጨረሻ፣ ስፔንን የተዋጋው የካራካስ ተወላጅ ቦሊቫር ለጦሩ ወደ 400 የሚሆን ሰው አገኘባት። «ሕይወቴ የካራካስ፣ ክብሬ የሞምፖክስ ዕዳ ነው» ብሏል ይባላል።

ከዚያ ወንዙ ጣላት። ማግዳሌና እዚያ አካባቢ ለሁለት ይከፈላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዋናው ውሃ ሎባ ወደሚባለው ክንፍ አዘነበለ፤ የሞምፖክሱ ክንፍ በደለል ተሞላ። ትልልቆቹ የእንፋሎት መርከቦች በሎባ በኩል ማለፍ ያዙ፤ ገበያውንም ሎባ ዳር ያለችው የማጋንጌ ከተማ ወሰደችው።

ደግነቱ፣ አፍርሶ ለመሥራት ገንዘብ ስላልነበረ የድሮ ቤቶቿ አልተነኩም። ባለ ስምንት ማዕዘኑ የሳንታ ባርባራ ማማ ከነሰገነቱ ቆሟል። አንጥረኞቿ ዛሬም ወርቅና ብር እንደ ክር አቅጥነው ጌጥ ይሠራሉ። በ1995 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። የሚገርመው፣ ከካርታሄና በኩል የሚመጣ ሰው በ2020 ድልድይ እስኪከፈት ድረስ ወንዙን በጀልባ የሚሻገረው በዚያችው በማጋንጌ በኩል ነበር።