ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚያግዙ የድጋፍ ቡድኖች

የድጋፍ ቡድን መጠጥ ያስቸገራቸው ሰዎች ቀንና ሰዓት ቆርጠው እየተገናኙ የሚነጋገሩበት ስብስብ ነው። የሚመራው ባለሙያ አይደለም። ተናጋሪውም ሰሚውም ያው ጠጥቶ ያየ ሰው ነው። ጥንካሬውም እዚህ ላይ ነው። ለቤተሰብ የሚደበቀው፣ ለሐኪም ሲነገር ግማሹ የሚቀነሰው ነገር እዚያ ሙሉውን ይወጣል። «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሰሚው ራሱ ስንቴ ብሎታል!

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1840 በአሜሪካ ባልቲሞር ስድስት ጠጪዎች «ዋሽንግተናውያን» የተባለ ማኅበር መሥርተው ነበር። በፍጥነት ተስፋፋ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሰመ።

ዛሬ የምናውቀው መልክ የመጣው ከአልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው፤ «ስማቸው የማይገለጽ የአልኮል ሱሰኞች» እንደማለት ነው። ባጭሩ ኤኤ ይባላል። አጀማመሩ በደንብ ሊነገር የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ሄደ። መጠጥ ካቆመ ገና አምስት ወሩ ነበር። የሄደበት ጉዳይ ከሸፈ። ሜይፍላወር ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ሳለ ከቡና ቤቱ በኩል የጠጪዎች ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል። እዚያው አዳራሹ ውስጥ የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር ተለጥፏል፣ ስልክም አለ። ወደ ስልኩ ሄደ። የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የሚያነጋግረው ሌላ ጠጪ።

ሰው በሰው ተያይዞ ቦብ ስሚዝ ከሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተገናኘ። ስሚዝ ያሰበው 15 ደቂቃ ብቻ ለመቆየት ነበር። ከስድስት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። ዊልሰን ከዚያ በፊት ጠጪዎችን እየሰበከ አንድም ሰው ማስቆም አልቻለም ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ያወራው ስለ ራሱ ነው። ስሚዝ አንድ ጊዜ አገረሸበት፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አልጠጣም። ኤኤ ልደቱን የሚቆጥረው ስሚዝ ለመጨረሻ ጊዜ ከጠጣበት ከጁን 10፣ 1935 ነው። አንዳንድ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ቀኑ ከዚያ ሳምንት ያህል ዘግይቶ ነው ይላሉ። ሦስተኛው አባል እዚያው ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ጠበቃ ነው፤ ሁለቱ ሄደው አልጋው አጠገብ ቁጭ ብለው አነጋገሩት።

የኤኤ አባላት ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚከተሏቸው 12ቱ እርምጃዎች በ1939 በመጽሐፍ ታተሙ። በ1941 አንድ ትልቅ መጽሔት ስለ ማኅበሩ ጻፈ፤ የአባላቱ ቁጥር በዚያው ዓመት ከ2,000 ወደ 8,000 ገደማ አሻቀበ። ቡድኖቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩበት 12 ደንብ በ1950 ጸደቀ። ዛሬ ኤኤ በ180 አገሮች ገደማ ይገኛል።

ሌሎችም አሉ። ለሴቶች ብቻ የሆነ ማኅበር በ1975 ተመሥርቷል። ስማርት ሪከቨሪ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ሃይማኖት ሳይጠቅስ በሥነ ልቦና ዘዴ ይሠራል።

የኤኤ እርምጃዎች እግዚአብሔርን ይጠቅሳሉ፤ ይህ የሚከብዳቸው ሰዎች አሉ። ሆኖም ጽሑፉ «እኛ እንደተረዳነው» የሚል ስለጨመረበት ለብዙዎች በሩ ክፍት ሆኗል። አባል ለመሆን የሚጠየቀው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ይሠራል ወይ የሚለው ክርክር ደግሞ ረጅም ነበር። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት በ2006 ያሳተመው ግምገማ በቂ ማስረጃ አላገኘም። 27 ጥናቶችንና 10,565 ሰዎችን ያየው የ2020ው ግምገማ ግን ጨርሶ ሳይጠጡ በመቆየት ረገድ ኤኤና ወደ እሱ የሚመሩ ሕክምናዎች ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚሻሉ አሳይቷል። ለእኔ ይህ ትልቅ ምስክር ነው።

ቡድን ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የማኅበሩን ድረ ገጽ ወይም ስልክ መጠቀም ነው። በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎችም ሞልተዋል። «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ማንም የሚገባበት ነው፤ «ዝግ» የተባለው ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በክፍቱ ቢጀምር ይሻለዋል። አንድ ነገር ግን ከስብሰባ ይቀድማል። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መንቀጥቀጥ ሊይዘው ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ባሉት ቀናት ደግሞ መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ማየት አለበት።

ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ወንበሮች ብዙውን ጊዜ ክብ ሠርተው ይደረደራሉ። ተናጋሪው «እገሌ እባላለሁ፣ የአልኮል ሱሰኛ ነኝ» ይላል፤ ሌላው በስሙ ሰላም ይለዋል። ሲናገር አያቋርጡትም፣ ምክርም አይወረውሩበትም። አዲስ ገቢ የመናገር ግዴታ የለበትም። «ዛሬ ልስማ» ካለ ይበቃል። እጁ ቢንቀጠቀጥ የሚገረም የለም። መዋጮ ሲዞር ዝም ብሎ ቢያሳልፈው ማንም አያየውም። የመጀመሪያው ቡድን ካልተስማማው ሌላ ይሞክር፤ ቡድን ከቡድን በጣም ይለያያል።

ሲያበቃ ነባሮቹ ስልካቸውን ይሰጡታል። ከእነሱ አንዱ ቆይቶ ስፖንሰሩ፣ ማለትም በእርምጃዎቹ የሚመራው ሰው ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን የሚሰጡት ጥማቱ ሲመጣ፣ ገና ሳይጠጣ እንዲደውል ነው። ጠጥቶም ከሆነ ይደውል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ወንበር ይለቁለታል፣ ሳይጠጣ የቆየበትን ቀን ቆጠራም ከአንድ ይጀምራል።