«ጣት ይቆርጣል» እና ሌሎች ስለ ሸርጣን አደን የሰማናቸው ነገሮች

ባለፈው ኦገስት እኔና ባለቤቴ ድንኳን ይዘን ሦስት ሌሊት ኒውፖርት አድረን መጣን። ኒውፖርት የኦሪገን የባሕር ዳር ከተማ ናት። ከምንኖርባት ከፖርትላንድ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ትርቃለች። ቀን ቀን ሸርጣን እናጠምዳለን፤ ማታ ማታ እሳት እንሞቃለን።

ይህን ስናወራ ሰው ሁሉ ባለሙያ ሆነብን። እናቴ በስልክ «ድንኳን? ማን ሞተ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው። ሸርጣንንም ቢሆን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከዐውደ ነገሥት ነው፤ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያልን። ጓደኞቻችን ያስፈራሩንም የመከሩንም ነገር ብዙ ነበር። ግማሹ ስህተት ሆኖ ተገኘ። የፈራነው ሌላ፣ የሚያስፈራው ሌላ።

«ኦገስት ነው፣ ጃኬት ምን ይሠራል?»

ፖርትላንድ 35 ዲግሪ ስትነድ ኒውፖርት በቀን 18 አካባቢ ናት። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድንኳን የሚያንጓጓ ነፋስ። ምክንያቱ ደስ ይላል። በበጋ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ የላይኛውን ውሃ ከዳርቻው እየገፋ ያርቀዋል። በቦታው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ በምግብ የበለጸገ ስለሆነ ባሕሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይመግባል። ሸርጣኑን የሚያወፍረውና እኛን የሚያንቀጠቅጠን አንድ ነገር ነው ማለት ነው። ውሃው በበጋም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ስለሆነ የዋና ልብሳችን ከሻንጣ ሳይወጣ ተመለሰ።

ባለቤቴ ጋቢ ይዛ ነበር። መኪና ውስጥ ሳየው ስቄባታለሁ። ማታ ከስሊፒንግ ባጌ (ከመኝታ ከረጢቴ) ወጥቼ ጫፉን ስለምን እሷ ሳቀች።

«ሄደን ቦታ እንይዛለን»

አይያዝም። የኦሪገን ስቴት ፓርኮች ቦታ ከስድስት ወር ጀምሮ አስቀድሞ ይያዛል። በበጋ ዓርብ ማታ ሄዶ ባዶ ቦታ ማግኘት ዕድል ነው። እኛ ሳውዝ ቢች የሚባለውን ፓርክ የያዝነው በፌብሩዋሪ ነበር። ድንኳን የሚያስጠላው ሰው ደግሞ ዩርት የሚባለውን ክብ ጎጆ መከራየት ይችላል፤ አልጋ አለው።

«ሸርጣን ጣት ይቆርጣል»

ያምማል እንጂ አይቆርጥም። ደንጀነስ የሚባለው የዚህ አካባቢ ሸርጣን ጠንካራ መቆንጠጫ አለው፣ አልዋሽም። ግን እጁ ወደ ኋላ አይዞርለትም። ፒየሩ ላይ (ወደ ውሃው የተዘረጋው መቆሚያ ላይ ማለት ነው) አጠገባችን ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ አንድ አዛውንት አሳዩን። ከኋላው ትመጣለህ። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሆዱ ስር፣ በመጨረሻዎቹ እግሮቹ መካከል። እንዲህ ሲያዝ አየሩን እየቆነጠጠ ይንጠለጠላል። እኔ ጓንት አጥልቄ እየተንቀጠቀጥኩ ሳለ ባለቤቴ በባዶ እጇ ሁለተኛውን አንስታ ነበር።

«አደጋው ውሃ ውስጥ ነው፤ አሸዋው ላይ ምንም የለም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሰማነው ሁሉ ሰው የሚገድለው ስህተት ይሄ ነው።

የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ለሁሉም ክፍት ነው። በ1967 የወጣ ሕግ አሸዋው የሕዝብ መሆኑን አስከብሮታል፤ ባለሀብት አጥር አጥሮ አይከለክልህም። ስለዚህ ሰው እንደ ልቡ ይንሸራሸራል። አሸዋው ላይ ደግሞ ማዕበል ያመጣቸው ግዙፍ ግንዶች ተጋድመው ይታያሉ። ለመቀመጫ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። ልጆች ይወጡባቸዋል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱባቸዋል።

ባሕሩ አንዳንዴ ጸጥ ብሎ ይቆይና ከሌሎቹ እጅግ የሚረዝም ማዕበል ድንገት ይልካል። ያ ውሃ ቁርጭምጭሚት ያህል እንኳ ቢደርስ ብዙ ቶን የሚመዝን ግንድ አንስቶ ያንከባልላል። ግንዱ ላይ የተቀመጠ ሰው ከስር ይገባል። የአገሬው ሰው ሁለት ሕግ አለው፤ ለባሕሩ ጀርባህን አትስጥ፣ ውሃ አጠገብ ያለ ግንድ ላይ አትውጣ።

እኛ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም አፍርሰናል። ደስ የሚል ፎቶም አለን። ግንዱ እርጥብ እንደነበረ ያስተዋልነው ፎቶውን ቤት ገብተን ስናየው ነው። ውሃው እዚያ ድረስ ከመጣ ብዙም አልቆየም ነበር።

«ጀልባ ከሌለህ አትሞክረው»

ጀልባ ላለው ጥሩ። የሌለው ግን ፒየር አለለት። ኒውፖርት ያኩዊና በሚባል የባሕር ክንድ አፍ ላይ ነው ያለችው፤ በ1936 የተከፈተው ትልቁ ድልድይ ከላይ ያልፋል። ከድልድዩ በደቡብ በኩል ማንም የሚቆምበት የማጥመጃ ፒየር አለ። ዕቃውን እዚያው አካባቢ ይከራዩታል።

ዕቃው ቀላል ነው። ሁለት የብረት ቀለበት፣ በመካከላቸው መረብ፣ ረጅም ገመድ። ውሃው ስር ሲደርስ እንደ ሰፌድ ዝርግ ይላል። ማባበያው መሃሉ ላይ ታስሯል። ሸርጣኑ መጥቶ መብላት ይጀምራል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ትጠብቅና ገመዱን ትስባለህ። ያኔ መረቡ እንደ ቅርጫት ይነሳል። መጀመሪያ ገመዱ እስኪወጠር ቀስ፣ ከዚያ ሳያቋርጡ ፈጠን። እኔ መሃል ላይ ቆም ብዬ ትንፋሽ ስወስድ ሸርጣኖቹ አንድ በአንድ እየዘለሉ ሲወርዱ አይቻለሁ።

ማባበያው የዶሮ አንገት ነበር። ብዙ ሰው የዓሣ ጭንቅላት ይሻላል ይላል፤ ሸርጣኑም ይወደዋል። ችግሩ ሲል የሚባለው የባሕር ውሻም ይወደዋል። ከፒየሩ ስር አንገቱን አውጥቶ የሚጠብቅ አንድ ወፍራም ነበር፤ የጎረቤታችንን የዓሣ ጭንቅላት ከነማሰሪያው ወሰደው። ዶሮውን ግን አልነካብንም።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ውሃው ሞልቶ ወይም ጎድሎ ሲያበቃ፣ አቅጣጫ ከመቀየሩ በፊት ረጋ የሚልበት ጊዜ አለ። ሸርጣን በኃይለኛ ጅረት ውስጥ መንቀሳቀስ አይወድም፤ ሲረጋ ወጥቶ ይበላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ ባዶ መረብ ስንስብ ቆይተን፣ ውሃው ሲረጋ በአንድ ጊዜ ሰባት ወጣልን።

«የዓሣ ላይሰንስ ካለህ ይበቃል»

አይበቃም። ሸርጣንና የመሳሰሉትን ለመያዝ ለብቻው የሚወጣ ፈቃድ አለ። ከ12 ዓመት ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይይዛል፤ ባልና ሚስት በአንድ ፈቃድ አይሠሩም። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ እንግዳ የሦስት ቀን ፈቃድ ይሸጥለታል። ፒየሩ ላይ ዩኒፎርም ለብሶ የሚጠይቃችሁ የስቴቱ ፖሊስ ነው፤ ለዱር እንስሳትና ለዓሣ የተመደበ የራሱ ክፍል አለው። እንደ መኪና ማቆሚያ ቅጣት በቀላሉ የሚታለፍ አይምሰላችሁ።

«የወጣ ሁሉ ይበላል»

ይህ ለእኛ ለአበሾች ይከብዳል። ያገኘኸውን መልሰህ መጣል ነውር ይመስላል። ከሳብነው ሠላሳ ከሚሆን ሸርጣን ያስቀረነው ግን አምስት ብቻ ነው።

በኦሪገን የሚያዘው ወንዱ ደንጀነስ ነው። በአንድ ሰው በቀን እስከ 12። ስፋቱ ደግሞ ከ5¾ ኢንች፣ ማለትም ከ14.6 ሴንቲ ሜትር ማነስ የለበትም። ወንድና ሴቱን ለመለየት ትገለብጠዋለህ። ሆዱ ላይ የታጠፈ ክዳን አለ። የወንዱ ጠባብና ሹል ነው። የሴቷ ሰፊና ክብ ነው፤ እንቁላሏን የምትይዝበት ስለሆነ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ እስከ ሁለት ሚሊዮን ተኩል እንቁላል ልትይዝ ትችላለች። «ባለ እንቁላሏ ትጣፍጣለች» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ቁጥር ንገሩት።

ልኬቱ ላይም ሰው ይሳሳታል። የጀርባው ጋሻ ግራና ቀኝ ጫፉ ላይ እሾህ መሰል ሹል አለው። እሱን ጨምሮ የሚለካ ብዙ ነው። የሚለካው ግን ከሹሉ ቀደም ብሎ ነው። ለዚህ የተሠራ የፕላስቲክ መለኪያ አለ፤ ጋሻው በመለኪያው ክፍት ቦታ ካለፈ ትንሽ ነው፣ ይመለሳል። አንዱን ትልቅ ወንድ ባለቤቴ ሦስት ጊዜ ለካችው። አንዴ የሚነካ፣ አንዴ የሚያልፍ ይመስላል። አዛውንቱ ቀና ብለው አዩንና «ካመነታችሁ መልሱት» አሉ። መለስነው። ከላይ መወርወርም ጥሩ አይደለም፤ ሊጎዳ ስለሚችል በመረቡ ዝቅ አድርጎ መልቀቅ ይሻላል። ወንድ ደንጀነስ ለዚህ ልክ ለመድረስ አራት ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

«ትልቅ ከሆነ ሥጋው ብዙ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ሸርጣን የሚያድገው የድሮ ጋሻውን ጥሎ ሰፋ ያለ በማውጣት ነው። አዲሱን ገና ካወጣ ውስጡ ውሃ እንጂ ሥጋ የለውም። እግሩን ጫን በሉት። እንደ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ እጥፍ ካለ ልቀቁት።

«ከተቀቀለ መርዝ የለበትም»

ይህን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙኝ። ዶሞይክ አሲድ የሚባል መርዝ አለ። የሚመነጨው ባሕር ውስጥ ካሉ በዓይን ከማይታዩ አልጌዎች ነው። አልጌውን ክላም የሚባለው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ፍጥረት ይመገበዋል፤ ሸርጣኑ ክላሙን ይበላል። መርዙ በመቀቀልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም። በ2015 በዌስት ኮስት በሰፊው ስለተገኘ ለገበያ የሚደረገው የሸርጣን አደን ወራት ዘግይቶ ነው የተከፈተው።

መርዙ በብዛት የሚጠራቀመው በሆድ ዕቃው ውስጥ ነው፤ አንዳንዶች «የሸርጣን ቅቤ» እያሉ በማንኪያ በሚበሉት ቢጫ ነገር። እሱን አውጥቶ አጥቦ መቀቀል ይበልጣል፣ የተቀቀለበትን ውሃም መድፋት። ከመሄድ በፊት የኦሪገን ግብርና መሥሪያ ቤት ለዚሁ ያዘጋጀው የስልክ መስመር ላይ የትኛው አካባቢ እንደተዘጋ ይነገራል። የሞተ ሸርጣን ደግሞ አይቀቀልም፤ ቶሎ ይበላሻል።

«ድስት ሲገባ ይጮኻል» የሚባለውም ልክ አይደለም። ሸርጣን ድምፅ የሚያወጣበት ጉሮሮ የለውም። የሚሰማው የእንፋሎት ድምፅ ነው። እኛ ለማንኛውም አስቀድመን በረዶ ላይ እናቆየዋለን፤ ይደነዝዛል።

«ሥጋ ስላልሆነ የጾም ነው»

አንድ ወዳጄ በዚህ ድርቅ ብሎ ተከራክሮኛል። በተዋሕዶ ቤት ላደገ ሰው ግን ጥያቄው ከጾሙ በፊት ይመጣል። ዘሌዋውያን 11 ከውሃ ፍጥረት የሚበላው ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው ይላል። ሸርጣን ሁለቱም የለውም። ሙስሊም ጓደኞቼም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ይበሉታል፣ ሐነፊ የሚባለውን የእስልምና ሕግ መንገድ የሚከተለው አይነካውም።

ቤታችንም እንዲሁ ለሁለት የተከፈለ ነው። ገመድ ስትስብ ማንም የማይችላት ባለቤቴ ሸርጣን አትበላም። የዶሮ ወጥ ድስቷንም አልሰጠችኝም። «በዚያ ድስት ሸርጣን ከቀቀልክ ድስቱንም አንተንም እጥላለሁ» ስላለችኝ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በአምስት ዶላር ሌላ ገዛሁ።

«እሷማ ጾሟን አድራለች»

ይህን ያሉኝ ብዙ ናቸው። ከእኔ የተሻለ በላች። በበጋ አልባኮር ቱና የሚይዙ ጀልባዎች ኒውፖርት ወደብ ላይ ቆመው ዓሣውን ከጀልባው ላይ ይሸጣሉ። ክንፉም ቅርፊቱም አለው። ጀልባዋ ድረስ ሄደን አንድ ሙሉ ገዛን። ቆረጠችው፤ አዋዜ ቀባችው፤ እሳቱ ላይ ከዳር ከዳሩ ጠበስ አድርጋ መሃሉን ለስለስ እንዳለ ተወችው። ከጎረቤት ድንኳን አንዲት ሴትዮ የጥብሱ ሽታ ስቧት መጣች። ሁለት ሸርጣን ሰጠናት፣ የማሪዮንቤሪ ኬክ ይዛ ተመለሰች። ማሪዮንቤሪ እዚሁ ኦሪገን በ1956 የወጣ የጥቁር እንጆሪ ዝርያ ነው፤ ኮምጠጥ ይላል።

እኔ ሸርጣኔን ለ20 ደቂቃ ቀቀልኩ። ቡናማ የነበረው ብርቱካንማ ሆኖ ወጣ። ፈረንጆቹ የቀለጠ ቅቤ ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል። እኔ ንጥር ቅቤ በኮረሪማ ይዤ ነበር፣ ሚጥሚጣም። ጣፋጭ ነጭ ሥጋ፣ ትኩስ ቅቤ፣ ከዚያ ሚጥሚጣው። አዛውንቱን በማግስቱ ፒየሩ ላይ አቀመስኳቸው። ሚጥሚጣው ሳል አስነሳባቸው። ውሃ ጠጡና እንደገና ነከሩ።

«ሽታው ከመኪና አይወጣም»

ይህንን የነገረን ሰው ልክ ነበር። አንድ ከረጢት የዶሮ አንገት ከኋላ ሻንጣው ውስጥ ረስተን ፖርትላንድ ገባን። ያገኘነው ረቡዕ ነው። ሎሚ፣ ሶዳ፣ ዕጣን፣ ሁሉንም ሞክረናል። አሁንም መስኮት ከፍተን ነው የምንነዳው።