«ወፍራም ብረት በይድበት» ለሚሉኝ

ቨርጂኒያ ውስጥ ባለው ትንሽ ጋራዤ በብዛት የሚገባው ኤምጂቢ የተባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ባለቤቶቹ ቤታቸው ማደስ ይጀምራሉ፣ ሲያቅታቸው ይጎትቱልኛል፤ ቃላቸውም አንድ ነው፦ «ሻሲው ላይ ወፍራም ብረት በይድበት፣ ይጠነክራል።»

ሲጀመር ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻሲ፣ ማለትም አካሉ የሚጫንበት የብረት አጽም፣ የለውም። እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ ውስጥ ሲገጣጠም የኖረው ይህ መኪና ሸክሙን የሚችለው በላሜራ አካሉ ነው። ሻሲ የሚፈልግ ሻሲ ያለውን ሌላ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ትራያምፍ ቲአር6ን ይግዛ።

ውፍረቱን በተመለከተ ግን ትዕግስቴ አልቋል። ጣሪያ የሌለውን ኤምጂቢ እንዳይጎብጥ ከሚይዙት ዋነኞቹ በበሮቹ ስር የሚያልፉት ሁለት ባዶ ሳጥኖች ናቸው። ላሜራቸው ስስ ነው፤ ጉልበታቸው ዙሪያቸው መዘጋቱ ነው። ያላመነ የወጥ ቤት ወረቀት የሚጠቀለልበትን የካርቶን ቱቦ በሁለት እጁ ይጠምዝዝ፤ እምቢ ይለዋል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በመቀስ ሰንጥቆ ይድገመው፤ እንደ ጨርቅ ይዞርለታል። ብረትም እንዲሁ ነው። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ በቁመቱ ሲሰነጠቅ ጥምዘዛን የመቋቋም አቅሙ ከ1,800 ጊዜ በላይ ይቀንሳል። የተሰነጠቀውን ውፍረት ወደ 4 ሚሊ ሜትር ብታሳድጉት እንኳ ያልተሰነጠቀው ስሱ ቱቦ ከ25 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል።

በብርዱ ወራት በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መቀሱ ነው፤ ሳጥኑን ከውስጥ በልቶ ይከፍተዋል። አንድ ደንበኛዬ በዝገቱ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ብረት ለጥፎ መጣ። ወፍራሙ አልታጠፍ ሲል ስሱ ላሜራ ልክ በብየዳው ጠርዝ ተቀዷል፤ በሩም ተነክሶ አልከፈት ብሏል። ልጣፉን ሳነሳው የውስጥ ግድግዳ የሚባል አልነበረም፤ ቡናማ ቅርፊት ብቻ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ስለዚህ የበሰበሰውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቁረጡ፤ የውስጡንም የውጩንም በመጀመሪያው ውፍረት ተኩ። ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍተት ለክታችሁ ጻፉ፤ በበሩ ቦታ ከማጠፊያው ምሰሶ እስከ ቁልፉ ምሰሶ መወጠሪያ ብረት በይዱ። መኪናውን ፊትና ኋላው ላይ ብቻ በክሪክ ሰቅላችሁ አትቁረጡ፤ መሐሉ ይረግባል፣ እንደረገበም ትበይዱታላችሁ። አንዱ ጎን ሳያልቅ ሌላው አይነካ። አዲሱን ላሜራ በነጥብ በነጥብ ያዙት፣ በሩን ገጥማችሁ ዝጉት፤ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ሲሆን ብቻ ሙሉውን በይዱ።

«ስቱኮ ያጠነክራል»፦ ስቱኮ ቀለም ይይዛል፣ መኪና አይዝም።

«ብየዳው ለዓይን እንዲያምር በግራይንደር ይላጥ»፦ ላሜራውንም አብራችሁ ትልጣላችሁ።

«ጸረ ዝገት ቀለም ይበቃል»፦ ከውጭ ብቻ ተቀብቶ አይበቃም። ብየዳው ሲያልቅ ሳጥኑ ውስጥ ጸረ ዝገት ሰም ይረጫል፤ ከስሩ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም ክፍት ይሁኑ። «ያልተበየደ ቀዳዳ መስሎኝ» ብሎ የደፈናቸው ሰው አሁንም ጋራዤ በር ላይ ቆሟል።