«ባህላችን ነው» ከማለታችን በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ግርዛት ወይም ስለ ዘር ወሬ ሲነሳ ክርክሩን የሚዘጋው አንድ መልስ ነው፤ «ባህላችን ነው»። ከዚያ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው እንደ ከሃዲ ይታያል። እኔ ባህሌን እወዳለሁ። በስሙ በደል ሲፈጸም ዝም ማለት የሚያቅተኝም ለዚሁ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እነሆ።

«ስህተት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዘመን አይቆይም ነበር»

ሸክላ ሠሪዎችን እንውሰድ። በሲዳማ ሀዲቾ የሚባሉት ሸክላ ሠሪዎች ለዘመናት ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። በሌላውም የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩ «ቡዳ» ይባላል፣ ፋቂው ይናቃል።

ገበያ ወርደን ጀበና ስንመርጥ ምን እንደምናደርግ አስቡት። በጣታችን መታ መታ አድርገን ድምፁን እናዳምጣለን፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ያስታውቃል። አንገቱን፣ ጆሮውን እናገላብጣለን። ዋጋ ተከራክረን እንገዛና ቤት ወስደን እናሟሸዋለን። ጎረቤት ጠርተን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እንጠጣበታለን። ጀበናውን የሠራችው ሴት ልጅ ለልጃችን ትታጭ ቢባል ግን «እንዴት ተደርጎ!» እንላለን። ለምን? ምክንያቱን አስረድቶ ያሳመነኝ ሰው እስካሁን የለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለ እጁን በሥራው መስደብ ከልክለዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ንቀቱ እስከ ዛሬ የዘለቀው ልክ ስለሆነ አይደለም። የተናቀው ሰው አቤት የሚልበት ስላጣ ነው።

«የሴት ልጅ ግርዛት የሃይማኖት ትእዛዝ ነው፣ ሕዝቡም ይፈልገዋል»

የመጀመሪያው በአጭሩ ይመለሳል። መጽሐፍ ቅዱስ ግርዛትን ያዘዘው ለወንድ ነው። ቁርኣን ውስጥም ስለ ሴት ግርዛት የተጻፈ የለም።

ሁለተኛው ነው ከባዱ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ከመቶ 65ቱ ተገርዘው ተገኝተዋል። ከተጠየቁት ሴቶች አብዛኞቹ ግን ይቅር ነው ያሉት። ታዲያ አብዛኛው የማይፈልገውን ነገር ማነው የሚያስቀጥለው? እናት «ሰው ምን ይለኛል? ማንስ ያገባታል?» ትላለች። ጎረቤቷም እሷን እያየች እንደዚሁ ትላለች። ሁለቱም በልባቸው አይፈልጉትም። ሁለቱም ልጆቻቸውን ያስገርዛሉ።

ከእኛ ብዙም በማይርቀው ከምባታ፣ የሴቶች መብት ተሟጋቿ ቦጋለች ገብሬ ይህን ቋጠሮ ፈቱት። ራሳቸውም በልጅነታቸው የተገረዙ ናቸው። ሰውን በየቤቱ ከመምከር ይልቅ ሠፈርተኛውን አንድ ላይ አስቀምጠው አነጋገሩት። ሴቱም ወንዱም በልቡ የያዘውን በሰው ፊት ሲናገር ፍርሃቱ ረገበ። ያልተገረዙ ሙሽሮች በአደባባይ ተሞሽረው ሲዳሩ ደግሞ «ማን ያገባታል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ።

«ጠልፎም ቢሆን ካገባት፣ ሽማግሌም ካስታረቀ፣ ነገሩ አለቀ»

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እውነትም ለጠላፊው በር ከፍቶለት ነበር፤ ልጅቷን በሕግ ካገባት ክሱ ይቀርለታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋው። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻም ከተጠያቂነት አያድንም።

ሽምግልናው ግን በብዙ ቦታ እንደ ድሮው ነው። ሁለት አባቶች ይቀመጣሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ምርቃት ይወርዳል። ልጅቷ ጓዳ ናት። የተበደለችው እሷ ሆና የሚታረቁት እነሱ ናቸው። ይህንን እርቅ ብዬ ለመጥራት አንደበቴ አይታዘዘኝም።

«ይህ የገጠር ችግር ነው»

ዲግሪ የያዙ ሁለት የከተማ ልጆች ሊጋቡ ሲሉ መጀመሪያ የሚጣራው ምንድን ነው? ዘራቸው። ይብቃኝ።

«ባህልን መጠየቅ ባህልን መናቅ ነው»

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ባህሉ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። የሲዳማ ሽማግሌዎች ለጉዳይ ሲቀመጡ «አፊኒ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሰማችሁ ወይ? እንደማለት። ነገሩ ለተሰበሰበው ሳይደርስ፣ ሰው ሳይመክርበት አይወሰንም። የሚፈለገው ሃላሌ ነው፤ እውነቱ። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲከበርም የጎሳ መሪዎች የሚያስተምሩት ጭፈራ ብቻ አይደለም። በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስረቁ፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ ይላሉ። እንዲህ ያለ ባህል ያለው ሕዝብ የጠየቀን ወጣት «ታላቅ አያከብርም» ብሎ ማሸማቀቅ የለበትም።

አፊኒም ቢሆን የሚጎድለው ነገር አለ። በሽማግሌዎች ሸንጎ ሴት ቦታ አልነበራትም። ዛሬ ጉዳዩ የጋብቻ ከሆነ «አፊኒ?» መባል ያለበት ለልጅቷም ነው። ጉዳዩ የሀዲቾዎች ከሆነ እነሱ ባሉበት ይነገር። አልሰማሁም፣ አልተስማማሁም ካሉ ሸንጎው ይቆይላቸው።